ሦስተኛው ቆርኪ

ይቺ ስንዝር እንጨት፣ የዓሣ መፋቂያ፣
አራት ቆርኪ ነክሳ ትውላለች ገበያ።
ሦስተኛው ቆርኪ ግን፣ ዝገት የጀመረው፣
ብታምኑም ባታምኑም፣ ፍሪጅ ነው የነበረው።

የባሕር ዳር ሚያዝያ አስፋልት ያቀልጣል፤
ጠዋት የገዛሁት ቆሮሶ በቀትር ይሸታል።
በረዶ ሻጩ ቀርቷል። ውሃ ጥም ሲያንገበግበኝ ለስላሳ ከፈትኩ፤
የቆርኪውን ሆድ ባይ፣ ጽሕፈት ተመለከትኩ፦
«እንኳን ደስ አለዎት! ፍሪጅ!» ይላል ጽሑፉ፤
ዓሣ ሻጮቹ ዘለሉ፣ ጮኹ፣ ተቃቀፉ።
ከሥሩ ግን ጉንዳን የሚያህል ፊደል ተደርድሯል፤
«ለመረከብ በኢንተርኔት ገብተው ይመዝገቡ» ይላል።

እኔ ምኑን አውቄ፣ በየት በር ልግባበት?
የማውቀው በር የጣና ነው፣ ታንኳ የሚገባበት።
ይታያልን ጠራሁ፣ የጎረቤቴን ልጅ፤
«አምስት ደቂቃ ነው፣ እትዬ፣ ማታ ይመጣል ፍሪጅ!»

ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አለ።
ትሁን፣ ገላው፣ ጓንጉል። ልጁ ጻፈ፣ ቀጠለ።
የትውልድ ቀን ይላል። እናቴ እንደነገረችኝ፣
ሐይቁ ደጃችንን ሲበላ፣ በዚያ ሌሊት ወለደችኝ።
ለዚያ ሌሊት ግን ሣጥን አላዘጋጁም፤
ያለው የፈረንጅ ነው፣ የእኛን ወር አይቆጥሩም።
ይታያል በግምት ሰባት ዓመት ቀነሰልኝ፤
እሱስ ይሁን፣ እሱን ማን ይጠላል፣ ደስ አለኝ።

የመታወቂያ ቁጥር። የባል ስም። የቤት ቁጥር። ኢሜይል።
ኢሜይል? «እከፍትልሻለሁ» አለ ይታያል።
የወር ገቢ? ሳቅኩ፤ እሱን ዓሣው ይንገረው።
ስንት ልጅ? ዝም አልኩ። የሞተውን ልቁጠረው?

«ፈገግ በይ፣ ዞር በይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣
ግለጪ፤ በቃ፣ ሰው መሆንሽን አሳምኚ።»
«ጀልባ ያለበትን ሥዕል ንኪ» ሲለኝ ተዝናናሁ፤
ጀልባማ! የጓንጉል የልጅ ልጅ፣ ታንኳ ላይ ነው የጠናሁ!
ከዘጠኙ ሥዕል በአንዱ፣ ዳር ላይ ደንገል ታስሮ ቆሟል፤
ነካሁት። «ስህተት» አለ። ታንኳ ጀልባ መሆኑ ቀርቷል።
ነጭ ሸራ የዘረጉ፣ በዓይኔ አይቼ የማላውቃቸው፣
እነሱን ስነካ ሰው ሆንኩ፤ እንጃ ማን እንደሚቀዝፋቸው።

ከዚያ ረጅም ጽሑፍ፣ ከዓባይ ድልድይ የረዘመ፤
ይታያል አላነበበውም፤ «ተስማምታለች» ብሎ ፈረመ።
መልሱ ወዲያው መጣ፦ «እናመሰግናለን፣ ተመዝግበዋል፤
ለፍሪጁ ዕጣ ከሚወዳደሩት አንዷ ሆነዋል።»
ዕጣ? ቆርኪው ደርሶሻል ብሎኝ አልነበረም?
የደረሰኝ ምዝገባው ነው፤ ፍሪጁስ አልደረሰም።
ዞር ስል ዓሣዬ ላይ ዝንብ ሠፍሯል፤
ሁለት ሰዓት ሄዷል፤ ትልቁን ድመት ወስዶታል።

እምቦጭ ጣናን እንዴት እንደያዘው አይታችኋል?
ማታ አንድ ቅጠል የነበረ፣ ሲነጋ ደሴት አክሏል።
ስልኬንም እንዲያ ያዘው፤ ብድር፣ የኳስ ውርርድ፣ የጥሪ ማሳመሪያ፣
ለእኔ ለከሳሁት የውፍረት ማጥፊያ።
እምቦጭስ በእጅ ይነቀላል፤ ስንቱ በዘመቻ ወጥቷል፤
ይኼን በምን ልንቀለው? «አቁም» ብዬ ብልክ፣ ሁለት ብር ተቆርጧል።

እኔም በመረብ ነው የምኖረው፤ መረብ አልነቅፍም፤
መንጠቆ ስጥል ግን ዓሣን «የአያትህ ስም ማን ነው?» አልልም።

ትናንት ስልኬ ጮኸ። ቅርፊት በለበሰ እጅ አነሳሁ።
«ወይዘሮ ትሁን ገላው ጓንጉል» ስትል ሰማሁ።

ጓንጉል።

ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመጣ፣ ነፋስ የወሰደው፣
አስከሬኑ ያልተገኘ፣ ድንጋይ ያልተጻፈለት ሰው።
ሰላሳ ዓመት ሙሉ ያን ስም ከሰው አፍ አልሰማሁም፤
አባቴም ሐይቁን ፈርቶት፣ ጮክ ብሎ ጠርቶት አያውቅም።

የተቀዳ ድምፅ ናት፤ ትንፋሽ የላትም፣ አትሰማም፤
«ለመቀጠል አንድን ይጫኑ» ስትል አታቅማማም።
እኔ ግን አልዘጋሁም።
«ለመድገም ኮከብን» ስትል፣ ኮከቡን ፈልጌ ነካሁ፤
ጓንጉልን ደግማ እስክትጠራው፣ ስልኩን ወደ ሐይቁ ዘረጋሁ።